ጋሼ ጀላል መሃል ሲገቡ

«ወገቤን! ያ አላህ፣ ወገቤን!»

ድምፁ የሟቹ ነበር። ጋሼ ጀላል በተቀበሩ ማግሥት፣ ሰኞ ገበያ ሰፈር በተተከለው የለቅሶ ድንኳን፣ ሸኹ ዱዓውን ሊዘጉ እጃቸውን ወደ ፊታቸው ሲያነሱ፣ ጋሼ ጀላል ራሳቸው ከድንኳኑ ጥግ ወገቤን አሉ።

የሸኹ እጅ አየር ላይ ቀረ። ከገራዶ የመጡ አንድ አዛውንት ለመውጣት ሲቻኮሉ አንድ እግራቸውን የራሳቸው ጫማ ውስጥ፣ አንዱን የሌላ ሰው ጫማ ውስጥ ከተቱ። የቀረው ሰው ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጣ።

«እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ፣ ይቅርታ!» አለ ሞላልኝ፣ እሳት እንደገባበት ሰው የሱሪ ኪሱን እየመታ። ሞላልኝ ባጃጅ ነጂ ነው፤ የጋሼ ጀላል የግድግዳ ጎረቤት፣ ሁለት ልጆች ያሳደገ ትልቅ ሰው። «ሳልዘጋው ነው ኪሴ የከተትኩት። እግሬን ሳጥፍ ነካሁት መሰለኝ።»

ሲመታው ደግሞ ባሰበት። «ወገቤን! ያ አላህ፣ ወገቤን!» አሉ ጋሼ ጀላል እንደገና፣ ከኋላቸውም የድል ጥሩምባ ተነፋ።

ሸኹ እጃቸውን ፊታቸው ላይ አሳርፈው «አሚን» አሉ። ብልህ ሰው ናቸው። ሕዝቡም የተፈቀደለት ያህል «አሚን» ብሎ ተነፈሰ።

ከዘመድ ወገን ፊት ለፊት የተቀመጠው ሙንዚር፣ የሟቹ ልጅ፣ ቀና አላለም። ስልኩ የሞላልኝ ቢሆንም ነገሩ የማን ሥራ እንደሆነ ድንኳኑ ውስጥ ካለው ሰው ግማሹ ያውቃል። ያወቀውም ያወቀው በየራሱ ኪስ ውስጥ ያው የስልክ ጨዋታ ስላለ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሙንዚር ሰኞ ገበያ መግቢያ ላይ ስልክ ይጠግናል። ልጅ ሳለ ፒያሳ አካባቢ ፕሌይስቴሽን ቤት ገብቶ ሲደባደብ የሚውል ነበር። በጣቱ ማለቴ ነው፤ በእጁስ ዝንብ አይመታም። ካደገ በኋላ ያንኑ የድብድብ ጨዋታ ስልክ ላይ የሚያስኬድ መላ መጣ። ኢሙሌተር ይሉታል፤ ስልኩን አታሎ «ፕሌይስቴሽን ነኝ» ብሎ እንዲያምን የሚያደርግ ነገር ነው። በየአገሩ ያሉ የጨዋታው ወዳጆች ደግሞ ሆዱን ከፍተው የተደባዳቢዎቹን መልክ፣ ልብስና ድምፅ በራሳቸው ሰው ይቀይራሉ፤ ይሄንን ሞድ ይሉታል። ከፋይ የለው፣ አለቃ የለው። ሙንዚር የብራዚሉን አየ፣ የኢንዶኔዥያውን አየና «ሰኞ ገበያስ ምን ጎደለው?» ብሎ ሰፈሩን አስገባ።

በርበሬ ሻጯ ቢልቂስ ገባች፤ በመስፈሪያ ጣሳዋ ትማታለች። ሞላልኝ ገባ፤ በጎረቤት ደንብ ሆዱ ትንሽ ተቀንሶለታል። ጨዋታው ውስጥ በምርኩዝ የሚደባደብ ባለ ነጭ ጢም ሽማግሌ ነበር፤ ሙንዚር እሱን አንስቶ አባቱን ተካ። ቡናማ ኮታቸው ሳይቀር፣ ነጭ ኮፍያቸው ሳይቀር፣ ከዘራቸው ሳይቀር። ወረፋ የሚጠብቁ ባጃጅ ነጂዎች ሁሉ ጫኑት። ወደ ኮምቦልቻ ወረደ፣ ሐርቡ ደረሰ። ከሁሉም የተወደዱት ጋሼ ጀላል ነበሩ፤ ከዘራቸው ከሩቅ ይደርሳል። ሲወድቁ ደግሞ በገዛ ድምፃቸው ወገቤን ይላሉ።

እስከ ጁምዓ ድረስ የሚያስቅ ነገር ነበር። ጁምዓ ከሶላት ሲመለሱ ጋሼ ጀላል የአንድ ሱቅ ደረጃ ላይ አረፍ አሉ፤ አልተነሱም። ያገኟቸው ሰዎች እንደተናገሩት ተቀምጠው ነበር፣ ከዘራቸውም ጉልበታቸው መሃል እንደቆመ ነበር። ሰውየው ሲሞቱ እንኳ አልወደቁም።

ዱዓው እንዳለቀ የሟቹ ታናሽ ወንድም ሂሻም ሙንዚርን ከድንኳኑ ጀርባ ወሰደው። ሂሻም ኮምቦልቻ ሲሚንቶ ይሸጣል፤ ከጁምዓ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም፣ ዓይኑ በርበሬ መስሏል።

«አጥፋው» አለው።

«አይጠፋም አጎቴ።»

«ያመጣኸው አንተ አይደለህ?»

«እኔ ነኝ። ግን ሰው ለሰው ነው የላከው፤ በየሰው ስልክ ነው ያለው። እኔ ባጠፋው ከኔ ስልክ ብቻ ነው እሚጠፋው።»

«ቢሮ የለውም? ሄደን እምናመለክትበት?»

«የለውም።»

«ኮምቦልቻም አለ?»

«አለ።»

«ሐርቡም?»

«ሐርቡም አለ።»

ሂሻም የድንኳኑን ገመድ ያዘ። «ትናንት በእጄ አፈር አልብሼው መጣሁ» አለ። «እሱ ግን ሐርቡ ላይ እየተደበደበ ነው።»

ሂሻም ገመዱን ለቀቀ። «ነገ ድንኳኑ ይነሳል፣ ሰዉም ይበተናል» አለ። «ሰው ተሰብስቦ ሳለ አንድ ነገር አድርግ። ወንድሜ ሲወድቅ አልፈልግም። በቃ።»

ሙንዚር የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አዲስ ሞድ ሠርቶ ማውጣት። ሰው አዲሱን ከወደደ አሮጌውን ይተዋል። ካልወደደ ግን ማንም አያስገድደውም፤ ጋሼ ጀላልም ሲወድቁ ይኖራሉ።

ጋሼ ጀላል ሹመት አልነበራቸውም። ብትን ጨርቅ ሻጭ ነበሩ። ግን ገበያው ውስጥ ድምፅ ከፍ ያለ እንደሆነ ሜትራቸውን ያስቀምጡና ከዘራቸውን ያነሳሉ። አይመቱበትም። በሁለት እጃቸው አግድም ይይዙትና በተጣሉት ሰዎች መሃል እንደ አጥር ይገባሉ። ማን ጀመረ፣ ማን ሰደበ ብለው አይጠይቁም። «አፉ ተባባሉ» ነው የሚሉት፤ ይቅር ተባባሉ ማለታቸው ነው። ካልተባባሉ ንቅንቅ የለም፤ ሱቃቸው ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ሻያቸው እየቀዘቀዘ፣ እዚያው ይቆማሉ። ሰኞ ገበያ ውስጥ ብዙ ሰው የታረቀው ልቡ ራርቶ ሳይሆን እግሩ ዝሎ ነው።

በሕይወት ሳሉ ጨዋታውን ያሳያቸው ሞላልኝ ነው። «ይሄ እኔ ነኝ?» አሉት፣ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ። «እስቲ አስኪደው።» ሞላልኝ አስኬደው። ጋሼ ጀላል ከዘራቸውን አንስተው ቢልቂስን አናቷን አሏት።

«ኧረ በነቢ! የሰው ሚስት!»

ቀጥሎ ቢልቂስ በጣሳ አለቻቸውና ወደቁ፤ ወገቤንም አሉ። ድምፃቸውን ሲሰሙ ዕንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ማታ ግን ልጃቸውን ጠሩት።

«ወገቤንስ ትቼልሃለሁ» አሉ። «ሠላሳ ዓመት ስገላግል የኖርኩትን ሰው ደባዳቢ ታደርገኝ?»

«ጨዋታ ነው አባ።»

«ካስገባኸኝ አይቀር መሃል አስገባኛ!»

«መሃል ሰው አይቀበልም። ሁለት ሰው ብቻ ነው እሚይዘው።»

«ሁለት ሰው ተጣልቶ መሃል የሌለው ቦታ የት አገር ነው?» አሉ ጋሼ ጀላል፣ ከልባቸው ገርሟቸው።

ሙንዚር «እሺ፣ አየዋለሁ» አለ። ሊሠራው ሳይሆን ለመገላገል። ከዚያ ወዲህ በልጃቸው ሱቅ ሲያልፉ በከዘራቸው መስኮቱን መታ መታ አድርገው «አስገባኸኝ?» ይላሉ። «ገና ነው አባ» ይላል። «አብሽር» ብለው ያልፋሉ። ሐሙስም መታ መታ አድርገው ነበር። ሐሙስም ገና ነበር።

ሙንዚር ከአጎቱ ተለይቶ ውሃ ሊጠጣ ወደ ቤት ገባ። የውስጠኛው ክፍል መጋረጃ ተገልጧል። እናቱ እትዬ ኡሙሰልማ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው ቢልቂስ፣ ከፊታቸው ደግሞ ሞላልኝ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ተንበርክኳል። ሙንዚር ይቅርታ እየጠየቀ መስሎት ነበር።

«አሁን ደግሞ ጣለው» አሉ እናቱ።

«እትዬ፣ ይብቃ በማርያም። ጣቴ እምቢ አለኝ።»

«ጣለው ብዬሃለሁ።»

«እሺ። ግን በማን ልጣላቸው?»

«በኔ እንዳታደርገው!» አለች ቢልቂስ። «ለቅሶ መጥቼ ሟች ልምታ? እስካሁን የመታኋቸውም ይበቃኛል!»

ሞላልኝ ራሱን መረጠ። ሆዱ የተቀነሰለት ሞላልኝ ሄደና ጋሼ ጀላልን አንዴ፣ ሁለቴ አላቸው። እውነተኛው ሞላልኝ ከንፈሩን ነክሶ ፊቱን አዞረ።

«ወገቤን! ያ አላህ፣ ወገቤን!»

እትዬ ኡሙሰልማ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ድምፁ ካለቀ በኋላም ጨፍነው ቆዩ። «ደግሞ» አሉ።

«እማ!» አለ ሙንዚር ከበሩ።

«ምን?»

«ተይ።»

«ሌላ አለህ?»

ሙንዚር ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የአባቱን ፎቶ አየ።

«ፎቶው አይናገር። ስልኩም ሲደውል ኖረ እንጂ ድምፁን አላስቀረልኝም። አርባ ዓመት የሰማሁት ሰው ነው፤ አሁን ሁለት ቃል ነው የቀረኝ። ሌላ ካለህ አምጣ። ከሌለህ ልስማበት።» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ጨመሩ። «አጎትህ አጥፋው ብሎሃል አሉ። እስቲ አጥፋና እንተያያለን።»

ቢልቂስ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ሞላልኝ ወደ ሙንዚር ተመለከተ፤ አውጣኝ የሚል አስተያየት ነበር። ማንም አላወጣውም። እንደገና ጀመረ።

ሙንዚር ጓዳ ገብቶ ኮምፒውተሩን ከፈተ። ድንኳን ውስጥ ያለው ሰው ይሄን ሳይሰማ አልቀረም።

«ልጅየው ኮምፒውተር ላይ ተጣደ አሉ።»

«አባቱ አፈሩ ሳይደርቅ?»

«ተዉት። ሐዘን ነው። አንዳንዱ ያለቅሳል፣ አንዳንዱ ይጫናል።»

ሙንዚር የሚፈልገው ያ ሁለት ቃል የተቆረጠበትን ቪዲዮ ነበር። ከመፍቻዎቹ መሃል አንድ አሮጌ ሚሞሪ ካርድ አለው፤ እዚያ ላይ አገኘው። ቪዲዮውን ከዚህ በፊት አንዴ ብቻ ነው ያየው፤ ያኔም የሚቆርጥበትን እየፈለገ።

ሁለት ተሸካሚዎች በአንድ ማዳበሪያ ሽንብራ ይጣላሉ፤ ሁለቱም ቀድሜ ያዝኩ ባይ ናቸው። ሙንዚር የሚቀርጸው ለጨዋታው ነበር፤ ሰው ሲደባደብ ትከሻው እንዴት እንደሚዞር ሊያይ። ጋሼ ጀላል ከዘራቸውን አግድም ይዘው መሃል ገቡ። አፉ ተባባሉ አሉ፤ አልሰሟቸውም። ቆሙ፣ ቆሙ። በመጨረሻ ከዘራውን ጥለው «እንግዲያው እኔ ልሸከመው!» አሉና ማዳበሪያውን ብድግ ሲያደርጉ ወገባቸው ቀጨ አለ። «ወገቤን! ያ አላህ፣ ወገቤን!»

ሙንዚር ያኔ የቆረጠው እዚህ ላይ ነው። አሁን አላቆመውም።

ከካሜራው ጀርባ የራሱ ሳቅ ተሰማ። ተሸካሚዎቹ ማዳበሪያውን ለቀው አባቱን ግራና ቀኝ ደገፏቸው። ጋሼ ጀላል ጎንበስ እንዳሉ፣ አንድ እጃቸው በአንዱ ትከሻ፣ ሌላው በሌላው ትከሻ ላይ ሆኖ፣ ትንፋሽ እስኪመለስላቸው ቆዩ። ከዚያ ቀና አሉ።

«ይዛችሁኛል አይደል?» አሉ። «በሉ፣ በያዛችሁበት አፉ ተባባሉ።»

አንደኛው አጉተመተመ። ሁለተኛውም አጉተመተመ።

«ጮክ!» አሉ ጋሼ ጀላል።

ሙንዚር ቪዲዮውን መልሶ ከመጀመሪያው አስኬደ፤ ደግሞ አስኬደ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ግንባሩን አሳርፎ ቆየ። ጓዳው በር ላይ ያለፈች አንዲት ሴት እንቅልፍ የወሰደው መስሏት ጋቢ ደረበችለት።

ቀና ሲል የአባቱ ጥያቄ እንዳለ ነበር። ጨዋታው ውስጥ መሃል የት ነው? ሆዱን ከፍቶ ፋይሉን አንድ በአንድ አየ። መሃል አንድ ቦታ አለ፤ ሰዓቱ አልቆ ሁለቱ ተደባዳቢዎች እኩል ከሆኑ አንድ ሥዕል ብቅ ይልና አስተናባሪው ድምፅ እኩል መሆናቸውን ይናገራል። ይህን ያየ ተጫዋች የለም ማለት ይቻላል። ሁልጊዜ ሰዓቱ ሳያልቅ አንዱ ይወድቃላ።

ባለ ነጭ ጢሙን ሽማግሌ ወደ ቦታው መለሰው። አባቱን ከድብድቡ አወጣቸው። ከቪዲዮው ላይ ከዘራቸውን አግድም ይዘው የቆሙበትን ምስል ወስዶ እዚያ መሃል አስገባቸው። አፉ ተባባሉ የሚሉበትን ድምፅ ግን ጨዋታው እምቢ አለ፤ ረዘመበት። በሞከረው ቁጥር ይዘጋል። ቢያሳጥረው ቶሎ ያልቅለት ነበር፤ «ይዛችሁኛል አይደል» የሚለውን ማስቀረት ብቻ ነው። ሙንዚር መቁረጫውን ከፍቶ አየና መልሶ ዘጋው። አባቱን ሁለተኛ መቁረጥ አልፈለገም። ለድምፁ የተተወውን ቦታ ማስፋት ብዙ ሥራ ነው፤ ያን ብዙ ሥራ ሠራ። የለቅሶ ንፍሮ በሳህን ይመጣለታል፣ ሳይነካ ይመለሳል።

በማግሥቱ፣ ድንኳኑ ሊነሳ ሲል፣ መጀመሪያ የሰጠው ለሞላልኝ ነው። ሞላልኝ ለባጃጆቹ ቴሌግራም ላከው፤ ከእነሱ ኮምቦልቻ ወረደ።

«ይወድቃል?» አለ ሂሻም በሞላልኝ ትከሻ ላይ አጮልቆ እያየ።

«አይወድቅም። ድብድቡ ውስጥ የለም።»

«ታዲያ የት አለ?»

«መሃል።»

ሂሻም ስልኩን ከሞላልኝ ተቀብሎ ከዚያም ከዚህም አገላብጦ አየው፤ መሃሉን ከጀርባው የሚያገኘው ይመስል።

ባጃጅ ነጂዎቹ አንድ ሁለት ግጥሚያ ሞከሩና ተመለሱ። «ጋሼ ጀላል የሉም እኮ!»

«አሉ።»

«እንዴት ነው እሚመጡት?»

«ካልተማታችሁ።»

«ካልተማታንማ ጨዋታው ምኑን ጨዋታ ሆነ?» አለ አንዱ። የድካም ሳቅ ሳቁ፤ ሙንዚርም አብሮ ሳቀ ማለት ይቻላል። ከሐርቡ አንድ ሰው አሮጌው ይሻላል ብሎ ጽፏል። ሌላው ደግሞ ነፍስ ይማር ብሎ ብቻ ጽፏል። አሮጌውን ማን እንደሚተው፣ ማን እንደማይተው ሙንዚር የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

የድንኳኑ ካስማ እየተነቀለ ሳለ ሁለት ስልክ ይዞ እናቱ ዘንድ ገባ። የሞላልኝን ስልክ ሰጣቸው፣ የራሱን ያዘ። ሁለቱን ስልኮች አገናኘ።

«እኔ የትኛዋ ነኝ?» አሉ እትዬ ኡሙሰልማ።

«ቢልቂስ።»

«ለዛሬ ፈቅጃለሁ» አለች ቢልቂስ ከጥግ።

«ምኑን ልጫን?»

«ምንም። አትምቺኝ፣ እኔም አልመታሽም። ሰዓቱ እስኪያልቅ እንጠብቃለን።»

«ጠብቀንስ?»

«ይመጣል።»

እናቱ ፊቱን አይተው ወደ ስልኩ ተመለሱ። ስክሪኑ ላይ ቢልቂስና ሞላልኝ ፊት ለፊት ቆመው፣ እጃቸውን ወደ ላይ አድርገው፣ ሊማቱ ይወዛወዛሉ። ከላይ ቁጥሩ ይቀንሳል። ልምድ የሌለው የእትዬ ኡሙሰልማ አውራ ጣት ሳያስበው የስልኩን መስታወት ነካው። ጣሳዋ ሄዳ ሞላልኝ ላይ አረፈች።

«ነካሁት!»

«አብሽሪ እማ።»

«አይመጣም ማለት ነው?»

«አሁን አይመጣም። እኩል አይደለንም። እንደገና እንጀምራለን።»

እንደገና ጀመረ። ውጪ ሂሻም የድንኳኑን ሸራ ከአንድ ሰው ጋር ሲያጥፍ ቆይቶ መጣና በሩ ላይ ቆመ፤ ሸራው እጁ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ሁለቱ ተደባዳቢዎች እየተነፈሱ ይወዛወዛሉ።

እትዬ ኡሙሰልማ ስልኩን ቀስ ብለው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። አውራ ጣታቸውን ከመስታወቱ ላይ አነሱ። ከዚያ ሁለቱንም እጃቸውን፣ እንዳይሳሳቱባቸው፣ ነጠላቸው ስር ከተቷቸው።